በጥር ደርቆ ያየኸው ጨፌ

ወንድሜ፣ ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ለወርቅ ፈቃድ የወጣበትን ቦታ በጥር የሳተላይት ምስል አይተህ ረግረግ ስላጣህ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቱ ላይ "ረግረግ የለም" ብዬ ብጽፍ ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። በዚህ ሥራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

የዛ አካባቢ ጨፌ፣ ማለትም ረግረጋማው የሣር ሜዳ፣ አብዛኛው ክረምት ጠግቦ በጋ ላይ የሚጠነፍፍ ነው። በጥር ከሄድክ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው የሚመስልህ። ስለዚህ መስከረም አካባቢ ድጋሚ መታየት አለበት። ክረምት ላይ ሴንቲኔል 2 የሚባለው ፎቶ አንሺ ሳተላይት ደመና እንጂ ሌላ አያሳይህም፣ ሴንቲኔል 1ን ጨምርበት፣ ራዳር ስለሆነ ደመናውን አልፎ ያያል፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ግን ዛፍ የሸፈነው ውኃ ለራዳሩም ሊያመልጠው ይችላል፣ እያንዳንዱ ነጥቡ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሚሸፍነው የመሬት ከፍታ ዳታ ላይ ደግሞ ጠባብ ሸለቆ ይጠፋል። ከምስሉ የምታገኘው የት ሄደህ መቆፈር እንዳለብህ ነው።

የጨፌውን ድንበር የምታሰምረው በአፈሩ ነው። ከኮረብታው ቀይ አፈር ተነስተህ ቀጥ ብለህ ወደ ሸለቆው ውረድ፣ በየተወሰነ እርምጃው በእጅ አውገር፣ ማለትም እየዞረ አፈር በሚያወጣ መሰርሰሪያ፣ ቆፍር። ቀዩ ቀስ በቀስ ቡናማ፣ ዝቅ ስትል ግራጫ ይሆናል። ግራጫው ውስጥ የሣሩን ሥር ተከትሎ የዛገ ሚስማር የመሰለ ብርቱካናማ መስመር ካየህ፣ ውኃው እዛ ጋ ይሞላል ይጎድላል ማለት ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተህማ አትጠራጠር። የአፈሩን ቀለም የምታመሳክርበትን የመንሰል የቀለም መጽሐፍ ያዝ፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጂፒኤስ መዝግብ፣ በኋላ ክርክር ይመጣል። መረሬ ላይ ግን አፈሩ ራሱ ጥቁር ስለሆነ ምልክቱ ይደበቃል፣ እዛ ክረምት ላይ የውኃውን ከፍታ መለካት ግድ ነው።

ቄጠማ፣ ፊላ ወይም ደንገል ካገኘህ ጥሩ ነው፣ በዕፅዋት ብቻ ግን አትወስን። ብዙ ቦታ ገበሬው ቦይ ቆፍሮ ውኃውን አጠንፍፎ በቆሎ ዘርቶበታል። ቄጠማው ቢጠፋም የአፈሩ ቀለም ቶሎ አይለወጥም።

ሰው ጠይቅ። ስብሰባ አያስፈልግም፣ ውኃ የሚቀዱትን እናቶችና ከብት የሚጠብቁትን ልጆች አነጋግር። በጋ የማይደርቀው ምንጭ የቱ ነው? ነሐሴ ላይ ከብት የሚሰምጠው የት ጋ ነው? ቦታውን አብረውህ ሄደው ያሳዩሃል።

ዋናው ነገር ግን ካርታህ የፈቃዱ ድንበር ላይ እንዳይቆም። የወርቁ ማውጫ ጉድጓድ ሲጠልቅ ውኃው በፓምፕ ይወጣል፣ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። ከድንበሩ ውጭ ያለ ጨፌ አንድ አካፋ ሳይነካው ሊደርቅ ይችላል። አንድ የማውቀው ፕሮጀክት ላይ ካርታው ልክ መስመሩ ላይ ተቆርጦ፣ መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር ሪፖርቱ ውስጥ ስሙም አልተነሳም። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ያበሳጨኛል። ስለዚህ ከላይ ውኃውን የሚመግበውንም ከታች የሚቀበለውንም አካተህ ሥራ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ የሚለካበትን ቱቦ፣ ፒዞሜትር፣ ተክለህ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ መዝግብ።

ደግሞ ፍጠን። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ግምገማው ከሥራው መጀመር በፊት እንዲያልቅ ይጠይቃል፣ በተግባር ግን ካርታው መድረስ ያለበት ከዲዛይኑ በፊት ነው። መሐንዲሶች የዝቃጭ ግድብ፣ ማለትም ወርቁ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭቃ የሚጠራቀምበትን፣ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያዩት ሸለቆ ነው፣ ወጪ ይቀንስላቸዋል፣ ጨፌውም ያለው እዛው ነው። የግድቡ ቦታ ተመርጦ እንደሆነ ነገ ጠይቃቸው። ተመርጦ ከሆነ አውገሩን ይዘህ መጀመሪያ እዛ ሂድ።