የቱ ነው ለእጅ የሚመቸው? ስለ ጌም ኮንሶሎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን በእጅ ስለሚያዙ የጌም ኮንሶሎች (የኒንቴንዶ ስዊችና ትንሹ ስዊች ላይት፣ የቫልቭ ስቲም ዴክ፣ የኤሱስ ሮግ አላይ፣ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ፖርታል) የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞሮ ዞሮ «የቱን ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። ስለ ጉልበታቸው ብዙ ተብሏል። እኔ የምመልሰው አያያዛቸውንና አጠቃቀማቸውን ነው።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ጋደም ብዬ ነው የምጫወተው። ስቲም ዴክ ከባድ ነው ሲሉኝ ፈራሁ። ስዊች ላይት ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋደም ብለሽ ከሆነ አዎ፣ ላይት። እሱ 275 ግራም ገደማ ነው፣ የመጀመሪያው ስቲም ዴክ 669 ግራም፣ ኦሌድ የሚባል ስክሪን ያለው አዲሱ ዴክ ደግሞ 640 ግራም። ዴክን ፊትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ብዙ አትቆዪም። ቁጭ ብለሽ ክንድሽን ትራስ ላይ አሳርፈሽ የምትጫወቺ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዴክ በሁለቱም ጎኑ መዳፍ የሚሞላ መያዣ ስላለው ጣቶችሽ ዘና ብለው ያርፋሉ፣ ላይት ግን ቀጭንና ጠፍጣፋ በመሆኑ ጣት አጥፈሽ ነው የምትይዢው፣ ሲቆይ እጅ ያደነዝዛል። ላይት ከቲቪ ጋር እንደማይገናኝም እወቂ።

ጥያቄ፦ ሮግ አላይ ከስቲም ዴክ ይፈጥናል። ታዲያ ለምን ሁሌ ዴክን ትመክራለህ?

መልስ፦ መፍጠኑ እውነት ነው፣ ስክሪኑም 120 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ያድሳል። ግን የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ለማውስና ለኪቦርድ የተሠራ ነው። ልጫወት ስትል አፕዴት ይመጣብሃል፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የመዝጊያ ምልክት በአውራ ጣትህ ለመንካት ትታገላለህ። ዴክን የማጥፊያ ቁልፉን አንዴ ጫን ስታደርገው ጌሙ ባለበት ይቆማል፤ መልሰህ ስትጫነው ካቆምክበት ይቀጥላል። ስዊችም እንደዚያው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አሥር ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ግማሹን ጌም በመክፈት መጨረስ የለበትም። ፎርትናይት ካልተጫወትኩ የምትል ከሆነ ግን አላይን ውሰድ። የዴክ ሲስተም ላይ ተጭኖ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፋ ብሏል። ከልጆቼ ጋር ስዊች እጫወታለሁ፣ ግን ጽሑፉ አይታየኝም።

መልስ፦ ችግሩ የእርስዎ ዓይን ብቻ አይደለም። ብዙ ጌሞች ጽሑፋቸው ለትልቅ ቲቪ ታስቦ የተሠራ ነው፣ የመጀመሪያው ስዊች ስክሪን ደግሞ 6.2 ኢንች ነው። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ዙም የሚለውን ያብሩት። ከዚያ የሆም ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሲጫኑት ስክሪኑ ይጎላል። ለመቀየር ካሰቡ በ2025 የወጣው ስዊች 2 ስክሪኑ 7.9 ኢንች ነው፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅዎታል።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን ፖርታል መንገድ ላይ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አያያዙ በጣም ደስ ይላል፣ የፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ5) ጆይስቲክ ለሁለት ተከፍሎ መሀሉ ላይ 8 ኢንች ስክሪን እንደገባበት ነው። ግን ጌም ውስጡ አይጫንም፣ ሁሉም በዋይፋይ ነው የሚመጣው፤ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ጌሙም አብሮ ይንቀራፈፋል። ለቤት ውስጥ ከሆነ ግን ግዛው።