ከርነሉ ሲታደስ ፕሮግራሙ ለምን ይቆማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ሲስተሙ ሲታደስ ወይም ማሽን ሲቀየር እምቢ ይላል፤ ጣት የሚቀሰረውም ከርነሉ ላይ፣ ማለትም ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን በሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት ላይ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ፕሮግራማችንን ኡቡንቱ 22.04 ባለው ላፕቶፔ ላይ ኮምፓይል አድርጌ (ከምንጭ ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ተርጉሜ) ኡቡንቱ 20.04 ወዳለው የቢሮ ሰርቨር ወሰድኩት። «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ኃላፊዬ «ከርነሉ አርጅቶ ነው፣ አድሰው» ይላሉ። ልክ ናቸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደሉም። ከርነሉን ቢያድሱትም ያው መልእክት ይጠብቅዎታል። ፕሮግራምዎ ከርነሉን በቀጥታ አያነጋግርም፤ መሐላቸው ጂሊብሲ የሚባለው የሲ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት የፈንክሽኖች ስብስብ አለ፤ የጎደለውም እሱ ነው።

የሊኑክስ ከርነል ለፕሮግራሞች የገባው ቃል ጥብቅ ነው። በ64 ቢት ኢንቴል ማሽን ላይ የማንበቢያው ሲስተም ኮል (ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቀው ጥሪ) ቁጥሩ 0፣ የመጻፊያው 1፣ የፋይል መክፈቻው 2 ነው፤ ማንም ተነስቶ አይቀይራቸውም። ላይብረሪውም ለአሮጌ ፕሮግራም ታማኝ ነው፤ ድሮ የተሠራውን በአዲሱ ያስኬዳል። በአዲስ ላይብረሪ የተሠራ ፕሮግራም በአሮጌው ይሠራል የሚል ቃል ግን ማንም አልገባም።

ጂሊብሲ በእያንዳንዱ ፈንክሽን ላይ የቨርዥን ማኅተም ያደርጋል። በ2021 በወጣው 2.34 ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ፈንክሽን ራሱ አዲስ ማኅተም ተሰጠው። ስለዚህ «ሰላም» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ባለ ሦስት መስመር ፕሮግራም እንኳ ከዚያ ወዲህ ባለ ላይብረሪ ከተሠራ 2.34ን ይጠይቃል። የእርስዎ ላፕቶፕ 2.35 አለው፣ ሰርቨሩ 2.31።

መፍትሔው ፕሮግራሙ በሚሠራባቸው ማሽኖች ውስጥ ካለው እጅግ አሮጌ ሲስተም ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነው። ላፕቶፕዎን መቀየር አያስፈልግም፤ የኡቡንቱ 20.04 ኮንቴይነር (የራሱን ላይብረሪዎች ይዞ ተለይቶ የሚሄድ አካባቢ) አስነስተው እዚያ ውስጥ ይገንቡት። ከዚያ የፕሮግራም ፋይል ውስጡን በሚያሳየው ኦብጅደምፕ የዳይናሚክ ሲምቦሎቹን (ከላይብረሪ የሚፈልጋቸውን ስሞች) ዝርዝር አውጥተው በጂሊብሲ ስም የተጻፉትን ቨርዥኖች ይዩ፤ ትልቁ ከ2.31 መብለጥ የለበትም። ሲያነጻጽሩ 2.4 ከ2.31 የቆየ መሆኑን አይርሱ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው 4 እና 31 እንጂ አስርዮሽ አይደለም።

አደራ፣ የላፕቶፑን ላይብረሪ ፋይል ገልብጠው በሰርቨሩ ላይ አይጫኑት። ላይብረሪውና ፕሮግራም ጫኙ አንድ ቨርዥን መሆን አለባቸው። ካልተጣጣሙ ፋይል መዘርዘሪያው፣ ሱዱውና ኤስኤስኤች ባንድ ጊዜ ይሞታሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ማዳኛ ሰርቨሩን በፍላሽ አስነስቶ መጠገን ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ዶከር (ኮንቴይነር ማስኬጃ) ባለበት ሰርቨር ላይ የኡቡንቱ 22.04 ኮንቴይነር ስናስነሳ ፕሮግራሙ ትሬድ (በውስጡ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) መፍጠር አቅቶት «አልተፈቀደም» ይላል። ሩት (ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) ነን፣ ሜሞሪም ሞልቷል። በ20.04 ኮንቴይነር ግን ያለችግር ይሄዳል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ በ2021 ብዙ ሰው ያሰቃየ ጉዳይ ነው፤ ከርነሉም ላይብረሪውም ንጹሕ ናቸው። ጥፋቱ ከመሐል ተቀምጦ የተሳሳተ «እምቢ» የሚለው ማጣሪያ ነው።

ትሬድ ለመፍጠር ድሮ የሚጠራው ክሎን ነበር። ከርነል 5.3 ላይ ክሎን3 የሚባል አዲስ ጥሪ በቁጥር 435 መጣ፤ ጂሊብሲ 2.34ም መጀመሪያ እሱን መሞከር ጀመረ። ከርነሉ አሮጌ ከሆነ «ኢኖሲስ»፣ ማለትም «እንዲህ ያለ ጥሪ የለኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ላይብረሪውም ወደ ድሮው ክሎን ይመለሳል። አዲስ ጥሪ ሁሉ ያለ ጭንቅ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

ሲስተም ኮሎችን የሚያጣራው የዶከር ሴክኮምፕ ማጣሪያ ግን የማያውቀውን ጥሪ ሁሉ «ኢፐርም»፣ «አልተፈቀደም» ብሎ ይመልስ ነበር። ላይብረሪው ይህን ሲሰማ ጥሪው አለ፣ እኔ ግን ተከልክያለሁ ብሎ ያምናል፤ ወደ ድሮው አይመለስም። ከርነሉ ጥያቄውን እንኳ አላየውም። አንዱ «የለም»ን ሌላው «አይቻልም» ብሎ ተረጎመውና ፕሮግራሙ ቆመ።

ዶከር 20.10.10 ላይ ተስተካክሏል፤ ማጣሪያው ልዩ ሥልጣን ለሌለው ኮንቴይነር ክሎን3ን «የለም» ብሎ እንዲመልስ ተደርጓል። ዝም ብሎ አለመፍቀዱ ምክንያት አለው። የክሎን3 ዝርዝር የሚተላለፈው በሜሞሪ አድራሻ ነው፤ ሴክኮምፕ ደግሞ አድራሻውን ተከትሎ ውስጡን ማየት አይችልም።

ችግሩ ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮንቴይነሩን አንዴ ብቻ ሴክኮምፕን አጥፍተው ያስነሱት። ከሠራ ዶከሩን ያድሱ። ማጣሪያውን አጥፍቶ መተው ግን ቤት ለማናፈስ በሩን ነቅሎ መጣል ነው። የራሳችሁ ማጣሪያ ካላችሁም የማይታወቀውን በ«ኢኖሲስ»፣ አውቃችሁ የከለከላችሁትን ብቻ በ«ኢፐርም» መልሱ።

ጥያቄ፦ ሲስተሜን ባደስኩ ቁጥር ዋይፋዬ ይጠፋል። ድራይቨሩን ከኢንተርኔት አውርጄ ራሴ ነበር ኮምፓይል ያደረግሁት። ከርነሉ ምንም አይሰብርም ከተባለ ይሄ ምንድነው? (ከመቐለ)

መልስ፦ ቃሉ የተገባው ለፕሮግራሞች ነው፤ ለድራይቨሮች አይደለም። በከርነሉ ሆድ ውስጥ ያሉ ፈንክሽኖች በየቨርዥኑ ስማቸውም መልካቸውም ይቀየራል፤ ይህም ሆን ተብሎ ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ምንጭ ጋር ቢኖር ኖሮ ፈንክሽኑን የቀየረው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ያስተካክለው ነበር። የእርስዎ ውጭ ስላለ የሚያየው የለም።

ዲኬኤምኤስንና የከርነል ሄደሮችን (ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልጉ የከርነሉ መግለጫ ፋይሎችን) ይጫኑ። ሄደሩን ለአንድ ቨርዥን ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ከርነል ጋር አብሮ በሚመጣው «ጄነሪክ» ጥቅል ይጫኑት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የድራይቨሩን ምንጭ ለዲኬኤምኤስ ካስመዘገቡት አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ራሱ ይገነባዋል። ግንባታው ከከሸፈ ምክንያቱ በሜክ ሎግ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ እስኪስተካከል ማሽኑ ሲነሳ ከግረብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ። ሰኪዩር ቡት ከበራ ደግሞ ድራይቨሩ ካልተፈረመ በትክክል ቢገነባም አይጫንም።

ጥያቄ፦ ለሚዛን መሣሪያ ድራይቨር ጽፌያለሁ። ፕሮግራሜ ንባቡን በአዮክትል (ለመሣሪያ ድራይቨር ትእዛዝ በሚልከው ሲስተም ኮል) ይቀበላል፤ ስትራክቱ (ንባቡ የሚታሸግበት የዳታ ቅርጽ) ባለ 4 ባይት መለያ ቁጥርና ባለ 8 ባይት ሰዓት ነው። 64 ቢቱ ፕሮግራም ይሠራል፤ የድሮው 32 ቢት ፕሮግራም በዚያው ማሽን ላይ «ለመሣሪያው የማይገባ አዮክትል» የሚል ስሕተት ያመጣል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ 4 ሲደመር 8 በወረቀት ላይ 12 ነው። በ32 ቢት ኢንቴል ላይም 12 ባይት ነው። በ64 ቢት ግን ባለ 8 ባይቱ ቁጥር ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ መጀመር ስላለበት ኮምፓይለሩ መሐል ላይ 4 ባይት ባዶ ይተዋል፤ ድምሩ 16 ይሆናል። የአዮክትሉ ቁጥር ደግሞ የስትራክቱን መጠን በውስጡ ይይዛል፦ ከ32ቱ ቢቶች 14ቱ የመጠን፣ 2ቱ የአቅጣጫ፣ የቀሩት 8 እና 8 የዓይነትና የተራ ናቸው። መጠኑ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል፤ ድራይቨርዎም የማያውቀው ጥሪ ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ድራይቨሩ ለ32 ቢት ፕሮግራሞች የሚሆን የኮምፓት መቀበያ ከሌለው ጥሪው እሱ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ሁለቱንም ይፈትሹ።

ከባዶ የሚጀምር ሰው ቢሆን ምክራችን አጭር ነበር። «ሎንግ» የሚባለውን ዓይነት አይንኩ፤ በ32 ቢት 4፣ በ64 ቢት 8 ባይት ነው። መጠናቸው በስማቸው የተጻፈ ዓይነቶችን ይጠቀሙ፣ አድራሻንም በ64 ቢት ቁጥር ያስተላልፉ። ክፍተቱን ኮምፓይለሩ ሳይሆን እርስዎ፣ ስም ሰጥተው፣ ይሙሉት። ባዶ ቦታው ዜሮ ካልሆነ ጥሪውን አልቀበልም ብለው በስሕተት ይመልሱ።

እርስዎ ግን ተጠቃሚ አለዎት፣ ስለዚህ ጠንቀቅ ይበሉ። ባለ 4 ባይቱን መሙያ ከመለያ ቁጥሩ ቀጥሎ ቢጨምሩ የ64 ቢቱ አቀማመጥ አይለወጥም፤ ነባሩ ፕሮግራም አይሰበርም። ለአሮጌው 32 ቢት ፕሮግራም ደግሞ በኮምፓት መቀበያው የ12 ባይቱን ቁጥር ጭምር ይቀበሉ። «መሙያው ዜሮ ይሁን» የሚለውን ሕግ ግን አሁን ማምጣት አይችሉም፤ ነባር ፕሮግራሞች እዚያ ቦታ ላይ ከሜሞሪ የተረፈ ቆሻሻ እየላኩ ሊሆን ይችላል። ያ ቦታ ለወደፊት አይጠቅምዎትም፣ ይርሱት፤ አዲስ ነገር ሲያስፈልግ አዲስ የአዮክትል ቁጥር ያውጡ። በሌላ በኩል ድራይቨሩ መልስ ሲሰጥ ስትራክቱን አስቀድሞ በሙሉ ዜሮ ያድርገው፤ አለዚያ በእነዚያ 4 ባይቶች የከርነል ሜሞሪ ወደ ፕሮግራሙ ያፈስሳል።

ከርነሉ ራሱ በዚህ ተቀጥቷል። የድሮው ፋይል መክፈቻ የማያውቃቸውን ፍላጎች (አማራጭ የሚገልጹ ቢቶችን) ዝም ብሎ ያልፍ ስለነበር፣ ትርጉም የሌለው ቢት የሚልኩ ፕሮግራሞች ሳይታወቁ ኖሩ፤ ለአንዱ ቢት አዲስ ትርጉም መስጠት እነሱን ሊሰብር ይችላል። በ2020 ከከርነል 5.6 ጋር የመጣው አዲሱ ፋይል መክፈቻ ኦፕንአት2 የማያውቀውን ፍላግ በስሕተት ይመልሳል፤ የስትራክቱንም መጠን ከፕሮግራሙ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያው 24 ባይት ነው። ከርነሉ ከሚያውቀው መጠን ያነሰ ከመጣ (ከ24 እስካላነሰ) የጎደለውን በዜሮ ይሞላል፤ የበለጠ ከመጣ ትርፉ ዜሮ እስከሆነ ይቀበላል፣ ካልሆነ ይመልሳል። ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየንም፤ ይቅዱት።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስና ማክም የሲስተም ኮል ቁጥራቸውን አይቀይሩም? (ከዱባይ)

መልስ፦ ይቀይራሉ። እዚያ ቃሉ የተገባው በላይብረሪው በር ላይ ነው። በዊንዶውስ ቁጥሮቹ ከአንዱ ቨርዥን ወደ ሌላው ይለዋወጣሉ። በማክ ጎ የተባለው ቋንቋ ላይብረሪውን ዘሎ ከርነሉን በቀጥታ ይጠራ ነበር፤ በ2016 ሲየራ የተባለው የማክ ቨርዥን ሲመጣ ሰዓት መጠየቂያው ጥሪ ተለወጠና በቀድሞው ጎ የተሠሩ ፕሮግራሞች ተሰናከሉ። ከጎ 1.12 ጀምሮ በማክ ላይ በላይብረሪው በኩል ይሄዳል።

ጥያቄ፦ 32 ቢት ሊኑክስ ያለባቸው የቆዩ ማሽኖች አሉን። በ2038 ይቆማሉ የሚባለው እውነት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሰዓቱ ይዞራል፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሆን ግን በአሠራሩ ይወሰናል። ሰዓትን በ32 ቢት የሚቆጥሩ ሲስተሞች የሚሞሉት በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፍ ሰዓት 03:14:07 ላይ ነው። በእኛ ሲቆጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። እናንተ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ስትሆኑ ማሽኖቹ በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 1901 ይመለሳሉ።

ከርነሉ የድሮዎቹን የሰዓት ጥሪዎች አልነካቸውም፤ ነባር ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ። በምትካቸው ከ5.1 ጀምሮ ባለ 64 ቢት ሰዓት ጥሪዎችን ከ403 ጀምረው በአዲስ ቁጥሮች ጨመረ። ስለዚህ ከርነሉን ማደስ ብቻውን አይበቃም። ጂሊብሲ 2.34 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙም የሰዓቱ መጠንና የፋይል ርቀቱ (በፋይል ውስጥ ቦታን የሚቆጥረው ቁጥር) መጠን ሁለቱም 64 ቢት ተደርገው እንደገና ኮምፓይል ይደረግ። የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎችም በዚያው መንገድ ካልተገነቡ የስትራክቶቹ መጠን ስለሚለያይ ስሕተቱ ከ2038 በፊት ይመጣል።

ሰዓትን በ4 ባይት የሚያስቀምጡ የራሳችሁ የዳታ ፋይሎች ካሉ ግን እነሱን ኮምፓይለር አያድናቸውም፤ ፎርማታቸው ራሱ መቀየር አለበት። ለሙከራ በቨርቹዋል ማሽን ላይ የሰዓት ማመሳሰያውን አጥፍታችሁ ቀኑን ወደዚያ ጠዋት አምስት ደቂቃ ሲቀረው አድርጉና የሎግ ፋይሎቹን ቀን ተመልከቱ። በመጠባበቂያ ቅጂ እንጂ በዋናው ዳታ ላይ አይሁን።