የመኪና ጥያቄና መልስ፦ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ፣ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። እስካሁን 310,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሲሆን፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ደሴ እመላለስበታለሁ። በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል ዘይት እጨምራለሁ፤ ጠዋት ሲነሣም ሰማያዊ ጭስ ለአፍታ ታይቶ ይጠፋል። መካኒኬ «ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» ይላል፤ ባለቤቴ ደግሞ «ይሸጥና እንገላገል» ትላለች። ምን ይመክሩኛል? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ በገለጹልን ምልክት ብቻ ሞተር ለማውረድ የሚያስቸኩል ነገር አይታየንም። ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ያለቀ ሞተር ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጡት ያለማቋረጥ ያጨሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። አድሮ ሲነሣ ብቻ አጭሶ የሚተው ከሆነ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ይህች ትንሽ ጎማ በዓመታት ሙቀት ደርቃ ስትጠነክር፣ ሌሊቱን ዘይት ጠብ ጠብ እያደረገች ወደ ሲሊንደሩ ታሳልፋለች። በሚቀጥለው ጉዞዎ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በማርሽ እየያዙ ሲወርዱ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ቤንዚን በሚረግጡበት ቅጽበት በኋላ መመልከቻው ሰማያዊ ጭስ ካዩ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ያም ሆኖ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ያስለኩ። ልኬቱ በቂና ተቀራራቢ ከሆነ፣ የቫልቭ ጎሚኒውን ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሳይወርድ፣ ቫልቮቹን በኮምፕሬሰር አየር ደግፎ መቀየር ይቻላል። ከዚያ በኋላም ዘይቱ መጉደሉን ካላቆመ የዘይት ፋሻው በካርቦን ታፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ሞተር ቤተሰብ የቀድሞ ምርቶች በዚህ ችግር ይታወቃሉና። ያኔ መካኒክዎ ትክክል ይሆናሉ፤ አሁን ግን መድኃኒቱ ከምርመራው ቀድሟል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን እርስዎ ያልጠየቁት ነገር ነው። ብዙ የሄደ ኮሮላን መንገድ ላይ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ሳይሆን ጎማውና ፈሳሹ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኮፈኑን ይክፈቱና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በሁለት ጣት ይጫኑት፤ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ወይም ጫፉ ላይ ከማሰሪያው አጠገብ ያበጠ ከሆነ ዕድሜውን ጨርሷል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ሞላው የላላ ክዳን፣ ራዲያተሩ አዲስ ቢሆን እንኳ መኪናውን ያፈላል። (ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን መፍትሔ የሚያደርጉ ጋራዦች አሉ፤ ይህ ሞተሩ በተገቢው ሙቀት እንዳይሠራ ማድረግ እንጂ ጥገና አይደለም።) የውኃ ፖምፓው ሥር የደረቀ የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቅሪት ካዩም ፖምፓው ማፍሰስ ጀምሯል።

ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ ከ1,500 በታች በሚያወርድ መንገድ ላይ የፍሬን ዘይት ዕድሜ ቀልድ አይደለም። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የበዛበት ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩት። የቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) እና የሾክ አብዞርበርን ድካም የሰፈርዎ ኮብልስቶን ራሱ ይነግርዎታል፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ሲነዱ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ደግሞ ጥፋቱ ከሴሚያሱ (ጉልበት ወደ ፊት ጎማዎች ከሚያደርሰው ዘንግ) ነው። ለባለቤትዎ የምንለው ይኸው ነው፦ ኮምፕሬሽኑ ሳይለካ መኪናው አይሸጥ፤ ጥሩ ልኬት ከገዢ ጋር ሲደራደሩም ይጠቅማልና።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ያገለገለ ሃይኤስ ናፍጣ፣ ሞተሩ 5ኤል ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት በርቷል። ኤሌክትሪሺያኑ በደቂቃ አጠፋዋለሁ አለኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማጥፋቱ ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ይህ መብራት የታይሚንግ ቺንጋውን (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀውን ቀበቶ) አይመረምርም፤ የተቀመጠለት ኪሎ ሜትር፣ ብዙውን ጊዜ 100,000፣ ሲሞላ ብቻ ይበራል። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ማጥፋት የማስታወሻ ደብተርን ገጽ እንደ መቅደድ ነው። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ በዚያን ጊዜ ወጪው የአንድ ቺንጋ ሳይሆን የቴስታታ ሥራ ይሆናል። የቀድሞው ባለቤት መብራቱን አጥፍተውት ይሆን የሚለውን ለማወቅ ስለማይችሉ፣ ቺንጋውን ከመወጠሪያው ኩሽኔታ ጋር አሁኑኑ ያስቀይሩ፤ የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትርም በወረቀት ጽፈው ኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉ። መብራቱ ከዚያ በኋላ ይጥፋ።