ደብዳቤሽ መዝገብ ቤት ሳይገባ ከሰው ገንዘብ አትሰብስቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአካባቢው ተወላጆች ተሰባስባችሁ፣ ከዕድሮቹና ከወረዳው ጋር ሆናችሁ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ልታድሱ ነው። ጎን ለጎንም ለወጣቶች የአመራር ሥልጠና አስባችኋል። «ከየት እንጀምር? ድርጅት ሆነን እንመዝገብ ወይ?» አልሽ። ከሥር ያለው መልስ ሁሉ «በርቱ» ነው። እኔም በርቱ እላለሁ። ግን እኛን አንድ ዓመት ሙሉ ያስለቀሰን ነገር እናንተን እንዳያገኛችሁ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

የእኛ የእግረኛ ድልድይ ነበር። ወንዙ በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ነው። ክረምት ሲገባ ግን ይሞላል። ሰኔና መስከረም ላይ ከማዶ ያሉት ልጆች ከትምህርት ይቀሩ ነበር። 38 ሆነን ተሰባሰብን። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ ውጭ አገር፣ የቀረው እዚያው የሚኖር ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ።

1. ደብዳቤ በእጅ አትስጪ። መዝገብ ቤት ይግባ፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይም ማኅተም ይደረግበት።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። የዚያን ጊዜው የወረዳ ኃላፊ መልካም ሰው ነበሩ። ቢሮአቸው ስንገባ ሻይ አስመጡልን። ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አነበቡና «እናንተ ግማሹን አምጡ፣ ግማሹን ወረዳው ይችላል፤ መሐንዲስም እንመድባለን» አሉን። ተጨባብጠን ወጣን። ያን ማታ ለሁሉም ደወልኩ። ሰው በሁለት ወር ውስጥ ድርሻውን አዋጣ። ከማዶ ሰፈር አንዲት እናት 50 ብር በመሐረብ ቋጥረው መጡ። ቋጠሮውን ፊቴ ፈትተው፣ ብሩን በእጃቸው አስተካክለው ሰጡኝ።

ግንቦት ላይ ኃላፊው ተዛወሩ።

ነሐሴ ላይ አዲሱ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ገባሁ። ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም። ቆሜ ጉዳዩን አስረዳሁ። «የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?» አሉኝ። ቁጥር የለውም። «ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እኛ ጋ አልገባም» አሉና ስልካቸውን አነሱ። መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን አምጥታ ገለጠችልኝ። የመጋቢትንና የሚያዝያን ገጾች ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሄድኩባቸው። የውኃ ቢሮ አለ፣ የመምህራን ዝውውር አለ፣ የእኛ የለም። ፋይል ውስጥም የለም። የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

2. የበጀት ጊዜውን እወቂ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። እቅድ ውስጥ ያልገባን ነገር ነሐሴ ላይ ብትጠይቂ «ለከርሞ» ነው መልሱ። ሰኔ ላይ ደግሞ ሒሳብ ስለሚዘጉ ማንም ጊዜ የለውም። እኛ ያንን ሳናውቅ ለከርሞ ተባልን። ገንዘባችን ዓመት ባንክ ተቀመጠ። ብሩ ያው ነው፤ ብረትና ሲሚንቶ ግን አልጠበቁንም። መጀመሪያ የወጪውን ግማሽ ይሸፍናል ያልነው ገንዘብ፣ ሥራው ሲጀመር ሲሶውን በጭንቅ ነው የቻለው። ከዚያ ሁሉ የባሰው ሐሜቱ ነበር። «ብሩን በልተውታል» የሚለው ወሬ እናቴ ጆሮ ደረሰ። እናቴ ምንም አላለችኝም። «ድልድዩ ምን ላይ ደረሰ?» ብቻ አለችኝ። ያ ጥያቄ አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

3. ገንዘቡን በዕድር በኩል ያዙ። እኛ ይህን ያደረግነው ስማችን ከጠፋ በኋላ ነው፤ እናንተ ከመጀመሪያው አድርጉት። ሒሳቡን በሦስት ፈራሚ ከፈትን፤ አንዱ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ አንዷ መምህርት፣ አንዱ ከእኛ። ዕድሩ በወሩ ሲሰበሰብ የባንኩን ስቴትመንት ቁጥር በቁጥር አነበብንላቸው። የዕድሩ ዳኛ ተነሥተው «ከዛሬ በኋላ የሚያማ ካለ እዚህ መጥቶ ይጠይቅ» አሉ። ወሬው እዚያ ላይ ቆመ። ሰማንያ ደብዳቤ ያንን አያደርግልሽም።

አዲሱን ኃላፊ ያግባባናቸውም በዕድሩ ነው። ዳኛው፣ መምህርቷና እኔ አብረን ገባን፤ በዚህ ጊዜ ወንበር ተሰጠን። ገንዘቡ በሕዝቡ እጅ ይሁን ስንላቸው ሠጉ። አማራ ክልል ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ በፊንላንድ ድጋፍ የተጀመረውን የገጠር ውኃ አሠራር አነሣሁባቸው። እዚያ የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ በኩል በቀጥታ ለውኃ ኮሚቴው ነበር የሚሰጠው። ዕቃውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ራሱ ኮሚቴው ነው። የጉራጌ ተወላጆችም በንጉሡ ዘመን ተደራጅተው ለአገራቸው መንገድ ገንዘብ ማዋጣታቸውን ነገርኳቸው። እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም አልኳቸው። ሰውየው ዝም ብለው ሰሙና «በጽሑፍ አምጡት» አሉ። አመጣን። በመዝገብ ቤት በኩል!

በዚያ ስምምነት ላይ የማንንም ስም አልጻፍንም። «የወረዳው አስተዳዳሪ»፣ «የዕድሩ ሰብሳቢ» ብቻ። ሰው ይዛወራል፣ ወንበሩ ይቀራል። ወረዳው ድርሻውን መቼ እንደሚሰጥ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን፣ የተረፈ ብር የት እንደሚገባ ሁሉ አለበት። የጥገናውን ነገር እንዳትረሺ፤ ሲመረቅ ሁሉም ይመጣል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማንም አይመጣም።

ስለ ምዝገባው፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ዕድርን አይመለከትም። ድርጅት ካቋቋማችሁና ሥራችሁ በአንድ ክልል ብቻ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ ነው። ከአንድ ክልል በላይ ወይም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከሆነ በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን። ለአንድ ትምህርት ቤት እድሳት ግን ድርጅት መመሥረት አያስፈልጋችሁም ባይ ነኝ። ቦርድ፣ ኦዲት፣ ዓመታዊ ሪፖርት... ጉልበታችሁ ወረቀት ላይ ያልቃል።

ሥልጠናው ላይ ግን አጥብቄ የምነግርሽ አለ። እኛም ጋ አንድ ተቋም መጥቶ የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ሰጥቶ ነበር። የሆቴል አዳራሽ፣ አበል፣ ሰርተፍኬት። ከተቀመጡት ውስጥ ከማዶ ሰፈር የመጣ አንድ ሰው አልነበረም። በኋላ ራሳችን በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ 12 ወጣት ሰበሰብን። አበል የለም። ለእያንዳንዱ ከድልድዩ ሥራ አንድ ነገር ሰጠነው። አንዱ ቃለ ጉባኤ ያዘ፣ አንዱ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰበሰበ፣ አንዱ ወጪና ደረሰኝ አመሳከረ። አንዷ የ19 ዓመት ልጅ ደብዳቤዎቹን መዝገብ ቤት እየወሰደች ማኅተም ታስመታ ነበር። አንድ ቀን ጸሐፊዋ «ነገ ነይ» ስትላት፣ «እጠብቃለሁ» ብላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደጁ ላይ ተቀምጣ አስመትታ መጣች። ዛሬ የዕድሩ ጸሐፊ እሷ ናት። በድልድዩ እኮራለሁ፤ በእሷ ግን የበለጠ እኮራለሁ።

ድልድዩ አራት ክረምት አልፎበታል። 50 ብር የሰጡት እናት በላዩ ሲሻገሩ አይቻቸዋለሁ፤ ገመዱን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይይዛሉ።

አሁን ጥር ነው፣ ጊዜ አለሽ። በዚህ ሳምንት ዕድሮቹን አነጋግሪ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትመሽ ወረዳ ሂጂ። የእኛን ስምምነት ቅጂ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ስማችንን ሸፍኜ እልክልሻለሁ።