ከጎናችን 32 ፎቅ ሊቆም ነው፤ ፀሐያችንንና እይታችንን በሕግ ማስከበር እንችላለን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ ገዝተን ከገባን ጥቂት ዓመታት ሆኖናል። ቤቱን የመረጥነው የጠዋት ፀሐይ ስለሚያገኝና ከሳሎን መስኮት ተራራው ስለሚታይ ነው። ሻጩም «ከፊታችሁ ምንም አይሠራም» ብሎ ዋጋ ጨምሮብናል። አሁን አጠገባችን ያለው ቦታ ታጥሮ ጥልቅ ቁፋሮ ተጀምሯል። ሰሌዳው 32 ፎቅ ይላል። የደረጃው ግድግዳ ላይም ስንጥቅ አይተናል። ባለፈው ሳምንት የአልሚው ሰው መጥቶ «ለመጉላላታችሁ» ብሎ ትንሽ ገንዘብ ሊሰጠንና ወረቀት ሊያስፈርመን ፈለገ። ግንባታውን ማስቆም እንችላለን? ወይስ ሸጠን እንውጣ? የከተማችንን ስም ባይጠቅሱብን ደስ ይለናል።

መልስ፦ ወረቀቱን አይፈርሙ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ «ከግንባታው ጋር በተያያዘ ወደፊት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ዛሬ ፀጉር የምታክለው ስንጥቅ ነገ ጣት የምታስገባ ብትሆን፣ ያ ዓረፍተ ነገር በሩን ይዘጋብዎታል። አልሚው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ቅን ከሆነ ግን ወረቀቱን ለጠበቃ እስኪያሳዩ ድረስ ይታገሥዎታል።

የከተማዎን ስም ስለማልጠቅስ የአንድ አገር አንቀጽ ቆጥሬ አልመልስልዎትም። ብዙ አገሮች የሚጋሯቸውን መርሆች ልንገርዎት። የአገርዎን ሕግ በቅርብ ያለ ጠበቃ ያመሳክርልዎት።

ደብዳቤዎ ስለ ፀሐዩና ስለ ተራራው በሰፊው ይናገራል። ስንጥቁን ግን በአንድ መስመር አልፈውታል። በሕግ ዓይን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጠንካራው ጉዳይዎ ስንጥቁ ነው።

መሬትዎ የጎረቤትን አፈር ተደግፎ ነው የቆመው። ስለዚህ ጎረቤት ሲቆፍር ድጋፉን ነጥቆ የእርስዎን ቤት ማናጋት አይችልም። ይህ መርህ በብዙ የሕግ ሥርዓቶች ውስጥ አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ ማስረጃ ላይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ባለ 58 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ አለ። በ2016 ሕንፃው ወደ 40 ሳንቲሜትር ገደማ መስጠሙና ማዘንበሉ በይፋ ታወቀ። ነዋሪዎቹ ከሰሱ። አልሚው አጠገቡ ለትራንስፖርት ጣቢያ የተቆፈረውን ጉድጓድ አመካኘ። የጣቢያው ባለቤት ደግሞ «የሕንፃው ምሰሶዎች ዓለቱ ድረስ አልወረዱም» አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በስምምነት ነው ያለቀው። ሁለት ትልልቅ ወገኖች እርስ በርስ ሲወነጃጀሉ፣ መሃል ያለውን ነዋሪ የሚያድነው መቼ ምን እንደተለካ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ስንጥቁን ከጎኑ ማስመሪያ አድርገው ፎቶ ያንሱት። ቀኑ ይታይ። በየሳምንቱ ከዚያው ቦታ ደግመው ያንሱት። ሌሎቹን ግድግዳዎች፣ በሮችና ወለሎችም ያንሱ፤ ገና ያልተሰነጠቀው ግድግዳ ፎቶ በኋላ ከተሰነጠቀው እኩል ይጠቅማል። ከዚያ የሕንፃው ነዋሪዎች ተዋጥተው ከአልሚው ጋር ንክኪ የሌለው የስትራክቸር መሐንዲስ ይቅጠሩ። መሐንዲሱ ከአልሚው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የቁፋሮውን ግድግዳ መደገፊያ ንድፍ፣ የአካባቢው መሬት ምን ያህል እንደሚወርድ የሚለካበትን መዝገብ፣ ከጉድጓዱ ውኃ ይመጠጥ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚመጠጥ። የከርሰ ምድር ውኃ ሲመጠጥ አጠገቡ ያለው አፈር ሊወርድ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያስበውም።

ስንጥቁ እየሰፋ ከሄደ ፍርድ ቤት አስቸኳይ እግድ ይጠይቁ። ስለ እይታ ከሚቀርብ አቤቱታ ይልቅ «ቤታችን እየተናጋ ነው፣ የመሐንዲሱም ሪፖርት ይኸው» የሚል አቤቱታ ዳኛን የማሳመን ዕድሉ እጅግ የሰፋ ነው። በሮች አልዘጋ ካሉ ወይም ወለሉ ሲያዘነብል ከተሰማዎት ግን የእኔንም የሌላ ጠበቃም ምክር አይጠብቁ። ወጥተው የከተማውን የግንባታ ተቆጣጣሪ ይጥሩ።

አሁን ወደ ተራራው። እይታ ላይ እውነቱን ልንገርዎት፤ አብዛኛው ሕግ አያስከብርልዎትም። በእንግሊዝ ገና በ1610 አንድ ፍርድ ቤት የመስኮት ብርሃንና ንጹሕ አየር እንደሚጠበቁ፣ ያማረ እይታ ግን የደስታ ጉዳይ እንጂ የክስ ምክንያት እንዳልሆነ ተናግሯል። በ1997 የለንደን ነዋሪዎች «ካናሪ ዎርፍ ላይ የቆመው ባለ 50 ፎቅ ሕንፃ የቴሌቪዥን ሞገዳችንን ከለከለ» ብለው እስከ መጨረሻው ችሎት ደርሰው ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ተረቱ። በ1959 ማያሚ ቢች ውስጥ አንድ ሆቴል አጠገቡ ያለው ሆቴል በሚጨምረው ባለ 14 ፎቅ ግንባታ ላይ ተከራክሯል። ግንባታው በክረምት ከሰዓት በኋላ መዋኛ ገንዳውን በጥላ ይሸፍነዋል ነው ክርክሩ። የፍሎሪዳው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን የፀሐይ ብርሃንን በነፃ የማግኘት መብት የለም ብሎ መለሰው።

ፀሐይና ብርሃን ላይ ሁሉም አገር እንደዚያ አልጨከነም። በእንግሊዝ የ1832 ሕግ መሠረት መስኮት 20 ዓመት ሳይቋረጥ ብርሃን ካገኘ መብት ይሆናል። ቆጠራው ባለቤቱን ሳይሆን መስኮቱን ነው የሚከተለው። ይህ መብት ጥርስ አለው። በ2010 ሊድስ ከተማ ላይ አንድ ባለሕንፃ ሁለት ፎቅ ጨምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ የጎረቤቱን ብርሃን የከለለውን ክፍል እንዲያፈርስ ፍርድ ቤት አዝዞታል። የእርስዎ ቤት አዲስ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ሕግ 20 ዓመቱ ሊያጥርዎት ይችላል። በ1982 ደግሞ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፀሐይ ኃይል ቤቱን የሚያሞቅ ሰው ጎረቤቱ ቢከልልበት መክሰስ ይችላል ብሏል። የፀሐይ ፓነል ካለዎት ለጠበቃዎ ይንገሩት።

ለእርስዎ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው ግን ከጃፓን የመጣ ነው። እዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 የፀሐይ ብርሃን ማጣት ካሳ የሚያስጠይቅ ጉዳት መሆኑን ተቀበለ። በ1976 ደግሞ ረጃጅም ሕንፃዎች ጎረቤት ላይ በቀን ስንት ሰዓት ጥላ መጣል እንደሚችሉ የሚወስን ድንጋጌ በሕንፃ ሕጉ ላይ ተጨመረ። ከዚያ የኩኒታቺ ክርክር መጣ። ኩኒታቺ በቶኪዮ ግዛት ምዕራብ ያለች፣ በአንድ ሰፊ ጎዳናዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከጎዳናው ግራና ቀኝ የቼሪና የጊንኮ ዛፎች ተሰልፈዋል። ነዋሪው ለብዙ ዘመን ሕንፃዎቹ ከዛፎቹ እንዳይበልጡ ተስማምቶ ኖሯል። አንድ አልሚ ከጎዳናው ዳር 44 ሜትር ገደማ የሚረዝም ባለ 14 ፎቅ አፓርታማ ሊያቆም መጣ። ከተማዋ ተሯሩጣ ቁመቱን በ20 ሜትር የሚገድብ ደንብ አወጣች። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በ2000 መጀመሪያ ነው፤ ቁፋሮው ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ ነበር።

በ2002 የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት ከ20 ሜትር በላይ ያለው ክፍል ይፍረስ ብሎ ፈረደ። ነዋሪው ተደሰተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ሻረው። በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያማረ የከተማ ገጽታ ውስጥ መኖር በሕግ የሚጠበቅ ጥቅም እንደሆነ አወጀ። ለነዋሪዎቹ ግን አልፈረደላቸውም። አልሚው ሥራውን ሲጀምር የጣሰው የቁመት ገደብ አልነበረም። ሕንፃው ዛሬም እዚያው ቆሟል። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። መርሁ የእነሱ ሆነ፣ ደንቡ ግን ዘገየ።

የእርስዎም ጎረቤት ግንባታ አሁን ቁፋሮ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት መሄድ ያለብዎት የግንባታ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። የፈቃዱን ቅጂ፣ የአካባቢውን ፕላንና የቁመት ገደቡን ይጠይቁ። የተፈቀደው 20 ፎቅ ሆኖ ሰሌዳው 32 ሊል ይችላል። ሕንፃው ከወሰን መራቅ ያለበት ርቀት ተጥሶም ሊሆን ይችላል። የቁመት ሕጎች የወጡት በእርስዎ ዓይነት ቅሬታ ነው። ኒው ዮርክ በ1916 ሕንፃዎች ወደ ላይ ሲወጡ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰቡ ያዘዘችው፣ ከአንድ ዓመት በፊት ያለቀው ኢኪዊቴብል ሕንፃ ጎረቤቶቹን በጥላ ካለበሰ በኋላ ነው። ፈቃዱ ጥሰት ካለበት አስተዳደራዊ አቤቱታ ያቅርቡ። የዚህ አቤቱታ ጊዜ ብዙ ቦታ አጭር ነው፤ ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት። ሰሌዳው የተለጠፈበት ቀን ጊዜውን ማስቆጠር የጀመረ ሊሆን ስለሚችል ያንን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ።

ፈቃዱ ንጹሕ ከሆነም ባዶ እጅዎን አይደሉም። ቀና ብለው የማማ ክሬኑን ክንድ ይመልከቱ። በጣሪያችሁ ላይ ይዞራል? በ1987 አንድ የለንደን ፍርድ ቤት የክሬን ክንድ ያለ ፈቃድ በጎረቤት አየር ላይ መዞሩ ሕገወጥ መግባት ነው ብሎ አግዶታል። ከመሬት በታችም እንዲሁ ነው። የጉድጓዱን ግድግዳ ለመያዝ የሚሰደዱ የብረት መልሕቆች ወሰን አልፈው እናንተ ቦታ ሥር ሊገቡ ይችላሉ። በብዙ አገር ለዚህ ፈቃዳችሁ ያስፈልጋል። አልሚው ትንሽ ገንዘብና ወረቀት ይዞ የመጣበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የመደራደር አቅማችሁ ከምታስቡት በላይ ነው። በየቤታችሁ ሳይሆን በነዋሪዎች ማህበር በኩል ተደራደሩ። የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የስንጥቅ ጥገና ዋስትና፣ ኢንሹራንስ፣ የመስታወቱ ዓይነት በጽሑፍ ይግቡ። መስታወቱን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት። በ2013 ለንደን ውስጥ አንድ ጎባጣ የመስታወት ሕንፃ የፀሐይ ጨረር ሰብስቦ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አካል አቅልጧል። በኋላ የፀሐይ መከላከያ ተገጠመለት።

ሻጩን በተመለከተ፣ «ምንም አይሠራም» ያለው በቃል ብቻ ከሆነ ማስረዳቱ ይከብዳል። ግን ተስፋ አይቁረጡ። ብሮሹሩን፣ የስልክ መልእክቶቹን፣ ማስታወቂያውን ይፈልጉ። ለእይታው ተጨማሪ ዋጋ መክፈልዎ ደረሰኝ ወይም ውል ላይ ከተጠቀሰ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ክርክሩ የእይታ መብት ሳይሆን የተገባ ቃል ይሆናል። በተለይ አጠገቡ ያለው ቦታ ለረጅም ሕንፃ መመደቡን እያወቀ ከደበቀዎት ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የይርጋ ጊዜው እንዳያልፍብዎት ግን ጠበቃዎን አሁኑኑ ያማክሩ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መሸጥ ነው። መሐንዲሱ ሪፖርቱን ሳይጨርስ አይሽጡ። ሪፖርት የሌለው ስንጥቅ ገዢን ያስፈራል፣ ዋጋውንም ከሚገባው በላይ ያወርደዋል። ከሸጡ ደግሞ ስንጥቁንም፣ ቁፋሮውንም፣ 32 ፎቁንም ለገዢው በጽሑፍ ይንገሩት፣ መቀበሉንም ያስፈርሙት። ካልነገሩት ነገ እርስዎን ተከሳሽ የሚያደርገው ዛሬ በሻጭዎ ላይ ያነሱት ክስ ነው።