ታዲያ ኳሷ የት ቀረች?

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንድ ተማሪ «ስትወጣ ጂ ማይነስ ነው፣ ስትወርድ ፕላስ» እያለ ስለ ጂ፣ ማለትም የመሬት ስበት ስለሚያመጣው አክስለሬሽን (በየሴኮንዱ የሚኖር የፍጥነት ለውጥ)፣ ለጓደኛው ያስረዳል። ዝም ማለት አቃተኝ። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ምን ሥራ አለው?

እኔንም በእናንተ ዕድሜ ጉድ የሠራኝ ይኸው ምልክት ነው። ከመሬት 15 ሜትር ከፍ ካለ በረንዳ ላይ ኳስ ሽቅብ ትወረወራለች፣ በሴኮንድ 10 ሜትር። ጂ 10 ይሁን። በስንት ሴኮንድ መሬት ትደርሳለች? እኔ ዲስፕሌስመንቱን (ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ርቀት ከነአቅጣጫው) ፕላስ 15 ብዬ ፎርሙላው ውስጥ ከተትኩት። ስኩዌር ሩት ውስጥ ማይነስ ቁጥር መጣብኝ። «መልስ የለውም» ብዬ አስረከብኩ። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ «ታዲያ ኳሷ የት ቀረች?» ብለው መለሱልኝ።

ልጆቼ፣ ፎርሙላ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ቀስት ሳሉ። ወደ ላይ ፕላስ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ፕላስ ነው። ጂ ኳሷ ስትወጣም ስትወርድም ማይነስ 10 ነው። መሬቱ ከበረንዳው በታች ስለሆነ ማይነስ 15። እንዲህ ስትሠሩት ቲ፣ ማለትም ጊዜው፣ 3 ወይም ማይነስ 1 ይወጣል።

መልሱ 3 ሴኮንድ ነው። ማይነስ 1ን ግን ቶሎ አትሰርዙት፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ኳሷ ከ1 ሴኮንድ በፊት ከመሬት በሴኮንድ 20 ሜትር ተወርውራ ቢሆን ኖሮ፣ በረንዳው ጋ ስትደርስ ልክ በ10 ታልፍ ነበር። ሒሳቡ በረንዳ ላይ ሰው መቆሙን አያውቅም። ተመልሳ መሬት ስትመታም ፍጥነቷ ያው 20 ነው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ፣ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ጂ ከ9.8 ትንሽ ያንሳል። ፈተና ላይ ግን የተሰጣችሁን ተጠቀሙ።

የ1 ብር ሳንቲም ሽቅብ ወረወርኩና ልጁን ጠየቅኩት። «ጫፍ ላይ አክስለሬሽኑ ስንት ነው?»

«ዜሮ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ቬሎሲቲውም ዜሮ፣ አክስለሬሽኑም ዜሮ ከሆነ ማን ያወርደዋል?»

ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ሳቀ። ከዚያ የጻፈውን በላጲስ አጥፍቶ ቀስት ሳለ፤ ወደ ታች።

«ወደ ታች ፕላስ? ይሁን» አልኩት። «አሁን ግን የኳሷ መነሻ ፍጥነት ማይነስ 10 ሆነ።»