ጥያቄና መልስ፦ በመጽሐፉ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

«ደራሲ» እና «ጸሐፊ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?
ዛሬ እያቀያየርን እንጠራቸዋለን። በብራናው ዓለም ግን ጸሐፊ ብርዕ ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ የሚገለብጠው ነው፤ ደራሲ ቃሉን የሚያመነጨው። ስሙ የወጣው ድርሳንን ከወለደው ከግእዙ «ደረሰ» ነው፤ «አውቶቡሱ ደረሰ» ከምንለው ጋር አያምታታዎት።

በስሙ የሚታወቅ የመጀመሪያው ደራሲ ማን ነው?
ሴት ናት። ኤንኸዱአና ትባላለች፤ በዛሬዋ ኢራቅ የነበረችው የኡር ከተማ ካህን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2300 ገደማ።

አንድ አንባቢ የወረሱት የብራና ተአምረ ማርያም በየተአምሩ መግቢያ የአያታቸውን ስም ይዟል። «ደራሲው እሳቸው መሆናቸውን በምን ላስመስክር?» ይላሉ።
አያትዎ ባለቤት እንጂ ደራሲ አይደሉም። መግቢያው «ጸሎታ ወበረከታ የሀሉ ምስለ...» (ጸሎቷና በረከቷ ከ... ጋር ይሁን) ይልና የባለቤቱን ስም ያስከትላል። ጸሐፊው ቦታውን ክፍት ትቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ገዢ ሲገኝ ስሙ ይገባል። ስለዚህ የስሙን እጅ ጽሕፈት ከዙሪያው ጋር ያስተያዩ፤ ፊደሉ ከተጨናነቀ ወይም ያለ ልክ ከሰፋ፣ ኋላ የገባ ሳይሆን አይቀርም። ገጹን አዘንብለው በጎን ብርሃን ይዩት፤ ብራናው እዚያ ላይ ከሳሳ ወይም ከሻከረ የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቆ ይሆናል። ከዚያ ወደ መጨረሻው ይሂዱ። ምሕረት የሚለመነው ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመው፣ ለሰማው ነው። ለደረሰው የሚል ቢፈልጉ ይደክማሉ። ተአምረ ማርያም የአንድ ሰው ብቻ ድርሰትም አይደለም፦ መነሻው በአውሮፓ የተሰበሰበ ሆኖ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ 1400 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ የአገር ቤቱ ተአምራት ከዚያ ወዲህ እየተጨመሩበት ሄዱ።
የተፋቀውን ለማንበብ ብለው ግን ውሃም፣ ሎሚም፣ አልኮልም እንዳያስነኩት! ጥቁሩ ቀለም የጥላሸት ነው፤ ብራናው ላይ ተለጥፎ ስለሚቀመጥ እርጥበት ያጥበዋል። ፎቶ አንስተው ወደ ቤተ መዛግብት ይውሰዱት፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማየት የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይንካው። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም።

«ታሪኩን ቡና ላይ ነገርኩት፣ ልብ ወለድ አድርጎ አሳተመው። ደራሲው እኔ አይደለሁም?»
አይደሉም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው የሚጠብቀው። በእጅዎ የጻፉት ምዕራፍ ከገባበት ነገሩ ሌላ ነው፤ ረቂቁን ይዘው ጠበቃ ያናግሩ።

ደራሲ በሕግ ባለመብት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?
በእንግሊዝ ከ1710 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ፦ ለ14 ዓመት፣ በሕይወት ካለ ለሌላ 14። ከዚያ በፊት መብቱን የያዙት የለንደን አታሚዎች ነበሩ። በእኛ አገር ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው።